በሳንባዬ ጉዳይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ይድረስ ለእትዬ፣ ለታላቅ እህቴ፣ እናታችን ስትደክም እናት ሆና ላሳደገችኝ፤ ስልክ ላይ «ድምፅህ ምን ሆነ?» ብላ ስትጠይቀኝም «ጉንፋን ነው» ብዬ ለዋሸኋት።

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ቀጭ ቀጭ ይላል ወይስ ታረቃችሁ? ዓይንሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ማኅደሩ ውስጥ አስተኝተሽው ወረቀቱን በክንድሽ ልክ አርቀሽ ታነቢያለሽ? ይህን ደብዳቤ ግን አደራ በመነጽር አንብቢው። ረጅም ነው፤ መሀል ላይ መቆጣትሽም አይቀርም፤ ሰው ደግሞ በደንብ ያላየውን ነገር አጥርቶ አይቆጣም። ባለቤትሽ ጋሼ ደህና ናቸው? የደም ግፊታቸው ወረደላቸው ወይስ እንደ እልሃቸው ከፍ ብሎ ቀረ? ልጆቹስ? የሁላችሁንም ደህንነት እንደሰማሁ ቆጥሬ ወደ ራሴ ልምጣ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል በጣትሽ ያዢልኝና እየተመለስሽ አንብቢያት፤ ከዚህ በታች ያለው ሲያስደነግጥሽ መሸሻ ትሆንሻለች። ደህና ነኝ፤ በልቻለሁ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ፤ ባለቤቴም ከጓዳ ሆና «ደብዳቤ ነው ወይስ መጽሐፍ?» እያለች ትነዘንዘኛለች። የሚነዘነዝ ሰው ደግሞ ያለ ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ምግብ አልወርድ ብሎኝ የምግብ ቧንቧዬ ላይ ካንሰር እንደተገኘ ታውቂያለሽ፤ መጥተሽም አንድ ወር ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ አስታመሽኛል። ያኔ ሐኪሞቹ የታመመውን ቧንቧ ቆርጠው ጣሉና ጨጓራዬን እንደ እጅጌ አጥብበው፣ ወደ ላይ ስበው ደረቴ ውስጥ ሰፉት። ይኸው ጨጓራዬ ዕድሜውን ሙሉ ከሥር ሲያገለግል ኖሮ በስተርጅናው ሹመት አገኘ። እንደ አዲስ ተሿሚም ጠባዩ ተለወጠ፤ ብዙ ጉዳይ ባንድ ጊዜ አይቀበልም፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ጎንበስ ካልኩበት ደግሞ የሰጠሁትን መልሶ ይልክብኛል። በቀን ስድስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ካልሆነ አላስተናግድም ይላል። ሆድ ይፍጀው ብዬ የዋጥኩት ሁሉ አሁን ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ «አለፈልህ» ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያህል እንደ ሰው ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ግን በተለመደው ምርመራ ከቀኝ ሳንባዬ ታችኛው ክፍል አንዲት ነጥብ ታየች። የአተር ፍሬ ታህላለች። በመርፌ ናሙና ወስደው ሲያዩዋት ያው የድሮው ካንሰር ሆና ተገኘች፤ ከአንዱ ክፍል ስትባረር ሹልክ ብላ ሌላ ክፍል ተከራይታለች።

እትዬ፣ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ ያን ሳምንት ነው። ብነግርሽ በማግስቱ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ፤ ያ ጉልበትሽ ደግሞ ሌላ አንድ ወር ወንበር ላይ አይችልም። ይህ ለሰው የምናገረው ሰበብ ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ለአንቺ ከነገርኩሽ ነገሩ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ሐኪሞች አሉኝ። አንደኛዋ የካንሰር መድኃኒት የምታዝ ሴት ናት፤ ሳቋን በጠብታ ቆጥራ የምትሰጥ፣ ፊቷ እንደታሸገ ፖስታ የሆነ። ሁለተኛው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ሲያወራ በሌለ መቀስ አየሩን የሚቆርጥ። እሷ እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦ ተመልሶ የመጣ ካንሰር ባብዛኛው በመድኃኒት ነው የሚያዘው፤ አንድ ነጥብ ስናይ ከኋላዋ ገና ያልታዩን እህቶች አሏት ብለን እንጠረጥራለን፤ አንዷን ለማውጣት ደረት ከፍቶ ሌሎቹን መተው ሰውን በከንቱ ማድከም ነው። እሱ ደግሞ፦ ነጥቧ በርግጥ ብቻዋን ከሆነች፣ ከመጀመሪያው ሕመም ረዘም ያለ ጊዜ ካለፈ፣ ሳንባም ከቻለ፣ ቆርጦ ማውጣት ለጥቂት ሰዎች ይጠቅማል አለ። «ጥቂት ነው ያልኩት» ብሎ ደገመልኝ። ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ «ጉዳይዎን ለኮሚቴ እናቀርበዋለን» አሉኝ።

ኮሚቴ! እትዬ፣ ይህ ቃል ለሌላ በሽተኛ ምን እንደሚመስለው አላውቅም። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ ይዤ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ኮሚቴን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። እኔ «ተወያይተዋል» ብዬ ስጽፍ ተጯጩኸዋል ማለት ነው። «ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» ካልኩ አንዱ በሩን ወርውሮ ወጥቷል። «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ካልኩ ግን ጉዳዩ ሞቷል፤ ቀብሩም ተፈጽሟል፤ አልቃሽም አልነበረውም። የምድር ቤቱ መጸዳጃ መስኮት ጉዳይ ከተላለፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እርግብ ጎጆ ሠርታበት የልጅ ልጅ አይታለች።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ስለነበረኝ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ሰዎች የሻይ ብርጭቆአቸውን ይዘው ገቡ። አንዲት ነርስ ኮምፒውተር ታቅፋ ስትገባ አየሁና «የሙያ ባልደረባዬ ናት» አልኩ በልቤ። ከእኔ በፊት የማን ጉዳይ እንደነበረ አላውቅም፤ የእኔ ግን፣ ቀዶ ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ፣ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሰባት ደቂቃ! በእኛ ቤት የመጋረጃ ቀለም ለመምረጥ ሁለት ሙሉ ስብሰባ ሄዷል፤ ያውም የተመረጠው ግራጫ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ ክፍሉ አስገባኝና ውሳኔውን ነገረኝ። «ሦስት ወር መድኃኒት ይወስዳሉ። ከዚያ እንደገና ራጅ ተነሥተው እናያለን። ሌላ ካልወጣ እንቆርጣለን» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ከዚያ እናያለን» የምትለዋን ብቻ ነው። ከእሷ ወዲያ ያለውን ጆሮዬ አላስገባም። ይህችን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌያታለሁ፤ አባቷንም እናቷንም አውቃለሁ። አልቅሼ አላስቸገርኩትም። ተነሥቼ በሁለት እጄ ጨበጥኩት፤ ሐዘን ቤት ሊያጽናናኝ የመጣ እንግዳ አስመስዬ ሸኘሁት፤ ያውም ከራሱ ክፍል። ሰውየው ግራ ገብቶት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ለባለቤቴ «ሦስት ወር መድኃኒት ነው» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ሆዴ የት እንዳለ ግን ነግሬሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ወር መድኃኒቱን እየወሰድኩ መሞቻዬን ማሰናዳት ያዝኩ። እትዬ፣ እዚህ ላይ መነጽርሽን አስተካክይ።

በመጀመሪያ የባለቤቴን ወንድም ይቅር አልኩት። ስምንት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። መሰላሌን ተውሶ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አልገባ ሲለው ከላይ ሁለት ደረጃ በመጋዝ ቆርጦ፣ አሳጥሮ የመለሰልኝ ሰው ነው እኮ! ሄጄ አቀፍኩት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለመሰላሉም ጭምር። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣና አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ስለ ኩላሊቱ ይነግረኛል። በቅርቡ የሚሞት ሰው የሰጠው ይቅርታ እንዲህ ረጅም ቅዳሜ እንደሚያስከትል ማን አወቀ?

ሁለተኛው ጥፋቴ ይበልጣል። ከንጹሁ ቃለ ጉባኤ ሌላ፣ በርግጥ የተባለውን የምጽፍበት አንድ ደብተር ነበረኝ። ለማን እንደያዝኩት እኔም አላውቅም። በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን «ሌላ ጉዳይ ያለው አለ?» ሲል ተነሣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ አንድም ቀን ተነሥቼ አላውቅም፤ ወንበሬ ራሱ ደንግጦ ተንጫጫ። «እኔ ከእናንተ ጋር ብዙ አልቆይም» ብዬ ጀመርኩና ደብተሩን አነበብኩላቸው። ማን ማንን ምን እንዳለ፣ ማን ተኝቶ እጁን እንዳወጣ፣ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ከጻፍኩት ውስጥ ስንቱ በማስነጠስ እንደጸደቀ። ሥራ አስኪያጁ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዞ ቀለሙ እንደ መጋረጃው ሆነ። ሒሳብ ሹሟ ብቻ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያኔ አልለየሁም። ሊሞት የተነሣ ሰው አለቃ አይፈራምና አንብቤ ስጨርስ ከሁሉም በፊት ወጣሁ። ስብሰባው ሳያልቅ የወጣ ቃለ ጉባኤ ያዥ በታሪካችን እኔ ብቻ ነኝ።

ይህን በሳቅ አልፈሽ ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን እኔም ስጽፈው አልሳቅኩም። የሦስት ወሩ ምርመራ ቀን ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ። አውቶቡሱ መጣ፤ አልወጣሁበትም። ሁለተኛውም መጣ። ማቆሚያው ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀምጬ ሰው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። የማውቀውን ነገር ለመስማት ለምን እሄዳለሁ? የተላለፈ ጉዳይ ሄዶ ራሱን «የት ደረስኩ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይታወቃል። ተመልሼ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ «ታይቻለሁ» አልኳት። እትዬ፣ ሊያድነኝ የሚችለውን ብቸኛ በር በገዛ እጄ ልዘጋው ነበር፤ ያውም በፍርሃት ብቻ አይደለም፣ አውቃለሁ በሚል ትዕቢት።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ አነሣች። እንደምታውቂያት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ስልክ ስታነሣም «አቤት» የምትለው ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ነው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። ይህ አስፈራኝ። የደወለችው የሆስፒታሉ ቀጠሮ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፦ ባለቤትዎ ትናንት ሳይመጡ ቀሩ፤ ቀዶ ሐኪሙ «በሽተኛዬ የት ገባ?» እያሉ ነው፤ የኦፕራሲዮን ቀን ለጊዜው ይዘውላቸዋልና ሰኞ ይዘዋቸው ይምጡ።

በሃያ ሁለት ዓመቴ የተላለፈ አጀንዳ ስልክ ሲደውል ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ዞረች። የሆነውን አንድ በአንድ ተናዘዝኩላት። ሰማችኝና «አንተ ሰውዬ! ሐኪሞቹ እናያለን ያሉህ ሊያዩ ነው እኮ! ማን መሰሉህ፣ አለቃህ?» አለችኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትጮህብኝ ለምጄዋለሁ፤ ያ ግን አንጀቴን በላው። ሰኞ ዕለት እንደ ተማሪዎቿ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ፤ መንገድ ስንሻገር እንኳ አልለቀቀችኝም።

ምርመራው ታየ። ነጥቧ ያችው አንዲት ናት፤ እንዲያውም በመድኃኒቱ ጥቂት ሟሽሻለች። እህት የላትም። ሦስቱን ወር የጠበቁት ለዚህ ነበር፤ ጠባይዋን ሊያዩ። ብቻዋን መሆኗን ካሳየች ይቆርጧታል፣ ጎረቤት ካፈራች ቢላው አይነሣም። እኔ ቀብር ያልኩት ለካ ፈተና ነበር።

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበና እንዲቆረጥ ወሰነ። ቀዶ ሐኪሙ ግን ምንም አልደበቀኝም። ቀኝ ደረቴ ከዚህ በፊት ስለተከፈተ ውስጡ በጠባሳ ተጣብቋል፤ ተሿሚው ጨጓራዬም እዚያው አጠገብ ተቀምጧል፤ ዋስትና የለም። «አንድ ባልደረባችንም አልተስማሙም» አለኝ። ማን እንደሆኑ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ የታሸገው ፖስታ ትዝ አለኝ። የፈቃድ ወረቀቱን ሰጠኝ። በዕድሜዬ ስንት ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈርሜ አላውቅም።

ኦፕራሲዮኑ አራት ሰዓት ወሰደ። እኔ ተኝቼ ነበርና የምነግርሽ ባለቤቴ የነገረችኝን ነው። የመሰላሉ ጌታ፣ ወንድሟ፣ ከጠዋት ጀምሮ አብሯት ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ ቦርሳዋን ይዞ ቆመ። ስለ ኩላሊቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። እትዬ፣ ይህን ስሰማ ሁለቱን የመሰላል ደረጃ ከልቤ ማርኩት።

ስነቃ ጎኔ ላይ ቱቦ ተሰክቷል፣ አጠገቤ ደግሞ ሦስት ኳሶች ያሉባት የፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጣለች። ትንፋሽ ስቤ ኳሶቹን ወደ ላይ ማንሣት አለብኝ። ነርሱ ክንዱ እንደ ጭነት ሠራተኛ የወፈረ፣ ልቡ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሰው ነው፤ በየሰዓቱ እየመጣ «አባባ፣ ሁለተኛዋን አንሷት እንጂ! የመጀመሪያዋንማ ንፋስም ያነሣታል!» ይለኛል። አባባ ይበለኝ? ተናድጄ ሦስቱንም አነሣኋቸው። ለካ ሕክምናው ያ ነበር።

በሳምንቱ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። የወጣው ያው ካንሰር ነው፤ የተቆረጠው ዳር ግን ዙሪያውን ንጹሕ ነው። በዚያው ቀን መድኃኒት የምታዘው ሐኪም ክፍሌ ገብታ ከእግርጌ ቆመች። «የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ» አለችኝ፤ እንደ ሰላምታ። «ጠርጥሬያለሁ» አልኳት። ምክንያቷን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ አላባበለችኝም። እኔም የሙያ ነገር ሆኖብኝ «ተቃውሞዎ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከነምክንያቱ ሰፍሯል» አለች። እትዬ፣ ቀናሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ተቃውሞ በዚህ እጄ አስተኝቻለሁ፤ «በሙሉ ድምፅ» እያልኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ ማን እንዲከታተለኝ እንደምፈልግ ቢጠይቁኝ እሷን አልኩ። ባለቤቴ «አብደሃል?» አለችኝ። አላበድኩም። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ይወደዋል፤ ሥራው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሰው የሰፋውን ኮት «ጠቦሃል» አይልም። እሷ ግን እኔን በማሞገስ የምታተርፈው የለም።

ባለፈው ረቡዕ የስድስት ወሩን ምርመራ አየችልኝ። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየች። አንዱን ምስል አልፋ ተመለሰች፤ ልቤም አብሯት ተመለሰ። የባለቤቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምንም የለም» አለች። እንደገና እንድትለው ለመንኳት። ደገመችው። ባለቤቴ እዚያው ተነሥታ አቀፈቻት፤ ሴትዮዋ እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ታቀፈች፤ እጇን የት እንደምታደርገው አላወቀችም።

አፌ አያርፍምና «እንግዲያው ዶክተር፣ ተሳስተው ነበር ማለት ነው?» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ስድስት ወር ማስረጃ አይደለም» አለችኝ። «በየሦስት ወሩ ይመለሱልኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲህ ተቀምጠው ከጠየቁኝ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ተሳስቼ ነበር እላለሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም እርስዎ ይይዛሉ።» ከዚያ ሳቀች፤ እትዬ፣ በጠብታ አልነበረም።

ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ሥራ አስኪያጁ «እንኳን ለዚህ አበቃህ፤ ደብተሩን ግን ቤት ተወው» ብሎ ልኮብኛል። ሒሳብ ሹሟ ደግሞ ለብቻዋ ደውላ «ይዘኸው ና» አለችኝ።

አሁን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጋሼ፦ ዳማ ጨዋታ ላይ አንድ ሳንባ ተኩል ይበቃል በያቸው፤ ይጠብቁኝ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ለጥርስ ሐኪሟ፦ የሙያ ዘመዶቿ ሁሉ ቢላ የሚያነሡ መሆናቸውን እንዳልረሳሁ ንገሪያት። ለመሀለኛው፣ ለዝምተኛው፦ በየሳምንቱ ስልክ ላይ ምንም ሳይናገር አብሮኝ ስለሚቆይ አመሰግነዋለሁ። ለድምቡሼ የልጅ ልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አንዱን ብቻ፤ ሌላውን ራሴ መጥቼ እስመዋለሁ። የፎቁ ጎረቤትሽንም፣ ያችን ወሬ አዋቂ፣ ሰላም በያት፤ ይህን ሁሉ እንደምትነግሪያት ስለማውቅ ለብቻዋ አልጻፍኩላትም። ባለቤቴ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ የደበቅኩሽ እኔ እንጂ እሷ እንዳልሆነች እንድጽፍ አዛኛለች። ጻፍኩ።

አንቺም አትምጪ፤ እኛ እንመጣለን። ቁጣሽን ግን አታስቀሪብኝ፤ በስልክ፣ ረጅም አድርገሽ። ሰው ለልጁ ሠርግ፣ ለልጅ ልጁ እኖራለሁ ይላል። እኔ የምኖረው አንዲት እልኸኛ ሴት ዘጠኝ ሰው ፊት ቆማ ተሳስቻለሁ ስትል በገዛ እጄ ለመጻፍ ነው። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ አንዲትም ነገር አላስተኛም።

የማይሰለችሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሳሎናችን መስኮት ሥር፣ ሁለት ትራስ ተደግፌ
ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን